በለስና ሙሽራው ዝንጀሮ

ተረት ተረት! ማር ከእሾህ የፈለቀበት!

አያ ዝንጀሮ በሠርጉ ዕለት እየተኩራራ ወደ ሙሽሪት ቤት ሲገሰግስ፣ ቢጫ አበባና ቀይ ፍሬ የደራረበ የበለስ ቁልቋል አየና አፉ ምራቅ ሞላ። ከሥሩ እመት ኤሊ በለሷን አሸዋ ላይ ቀስ እያለች ታንከባልልና ትልጥ ነበር።

«አያ ዝንጀሮ፣ ደቃቁ እሾህ ሳይረግፍ እንዳትቀምስ!» አለችው።

«እንዴ! እኔን የሚያህል ሙሽራ ፍሬ ሲያንከባልል ሊውል ነው?» አለና ሦስት ፍሬ ቀጥፎ ባንዴ ጎረሰ።

ወይ ጉድ! ከንፈሩም ምላሱም መዳፉም እሳት ሆነ። «ኡኡ!» እያለ ከነአዲስ ካባው አሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ ተንከባለለ።

ቁልቋሉ አበባው እስኪረግፍ ሳቀ።

«ጎሽ ሙሽራው፣ ደህና አድርገህ ተንከባለል! ስትጨርስ እመት ኤሊ ትልጥሃለች።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በበለስ አብሱ፤ አሸዋውን ግን እንዳትረሱ!