ጥለቱ ወደ አንገት የሆነ ነጠላ

አንዲት እናት ነጠላውን ልብ ያለችው ጸበሉን ረጭታ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ልጇ ወለላ፣ አባቷን ከቀበሩ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኮምፒዩተሩ ላይ ተተክላ ጌም ትጫወታለች። አላለቀሰችም፤ አፏንም አትከፍትም። እናት ክፉ ክፉውን ታስባለች። ባሏ ሄዷል፤ አሁን ደግሞ ልጇ እያየቻት ልትሄድባት ነው።

አንድ አመሻሽ ላይ ከኋላዋ ቆማ ጌሙን አየች። ጨረቃ እንደታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥታለች። ዓሦች በሐምራዊ ሰማይ ይዋኛሉ። አንድ በር ላይ ደግሞ ፊት የሌለው፣ ቤት የሚያክል ጥቁር ፍጡር ተቀምጧል።

«በስመ አብ! ሰይጣን ቤቴ ገባ!» ብላ ጸበሏን አንስታ ቸፍ ቸፍ አደረገችበት።

«እማ! ኮምፒዩተር ይጠመቃል እንዴ?» ወለላ በሩን በኃይል ዘግታ ወደ ጎረቤት ወጣች።

እናት ውሃውን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ ነው ያየችው። ፍጡሩ ነጠላ ለብሷል፤ ጥለቱ ወደ አንገቱ ነው። እንዲህ የሚለብስ ማን ነው? ሐዘንተኛ አይደለም?

ከስክሪኑ ግርጌ ሁለት ምርጫ አለ፦ «ምታው» እና «አጠገቡ ተቀመጥ»።

እናንተ ብትሆኑ የቱን ትነኩ ነበር? ለቅሶ ቤት ገብቶ ሐዘንተኛ የሚመታ አለ? እናት «ተቀመጥ»ን ነካች። ፍጡሩ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ሕፃን አከለ። ገመዱ ላይ ያለችው ጨረቃ በራች፤ ዓሦቹ እየወረዱ ከበቡት።

«ወይ ጉድ! እንዴት ያምራል!» አለች ሳታስበው።

ወለላ ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። «አሳለፈሽ? እኔን እኮ በመታሁት ቁጥር እየገዘፈ አስቸገረኝ።»

«ለምን ትመቺዋለሽ? ለቅሶ ላይ መቀመጥ ነው እንጂ።»

«አውቃለሁ፣ እማ። ከተቀመጥኩ አለቅሳለሁ ብዬ ነው።»

እናት ወንበሩን ሳበች። «ነይ፤ አብረን እንቀመጥ።»

ወገኖቼ፣ ያን የጌም ዓለም የሠሩት ጥቂት ወጣቶች ናቸው። በዓሣና በጨረቃ፣ እኛ ቤታችን ውስጥ መናገር ያቃተንን ነገሩን። እናንተስ? ልጃችሁ የምታየውን ነገር አጠገቧ ተቀምጣችሁ አይታችሁታል? ወይስ ከሩቅ ሆናችሁ ጸበል ትረጫላችሁ? ክፉውን ለማሰብ እንዴት እንፈጥናለን! ዛሬ ቤት ስትገቡ በር ከመቆለፋችሁ በፊት ከልጃችሁ ጋር ጥቂት ተቀመጡ።

ያቺ እናት እንዲያ አደረገች። ልጇ ትከሻዋ ላይ አልቅሳ እስኪወጣላት ጠበቀች። ከዚያ ተነስታ በሩን ቆለፈች፤ ሁለቱም ውስጥ ነበሩ።