አልደውልም ያለው የምሳ ደወል

ታሪኩ አጭር ነው። የሚረዝመው ስለሚደጋገም ነው።

እትዬ ዘነቡ የትምህርት ቤታችን ምግብ አብሳይ ናቸው። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ የምሳ ደወል እንዲደወል። አዲሱን ደወል የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። የምሳን ሰዓት ግን ማንም አልነገረውም። ትንንሾቹ ልጆች ሦስት ቀን ሙሉ ዘግይተው መጥተው ቀዝቃዛ ክክ ወጥ በሉ።

«ደወል፣ ለምሳ ደውል» አሉት እትዬ ዘነቡ።

«ስክሪፕቱ ካላዘዘኝ አልደውልም» አለ ደወሉ።

ስክሪፕቱ ለደወሉ ሰዓቱን የሚነግር ጽሑፍ ነው። ወደ ጻፈችው ወደ መምህርት ፌቨን ሄዱ።

«ምሳ ስድስት ሰዓት ብዬ ጨምሬበታለሁ፤ ፈታሹ ግን አላሳልፍም አለኝ» አለች።

ፈታሹ ስክሪፕት የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ሙከራ ካልተሠራለት ፈታሹ አያሳልፍም፤ ፈታሹ ካላሳለፈ ስክሪፕቱ አያዝም፤ ስክሪፕቱ ካላዘዘ ደወሉ አይደውልም፤ ደወሉ ካልደወለ ወጡ ይቀዘቅዛል።

«ማነው እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሞክሪዋ!»

«መሞከሪያው ኮምፒውተር ተቆልፎበታል። ቁልፉ ጋሽ ወንድይፍራው ጋ ነው።»

ጋሽ ወንድይፍራው የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። «ምሳዬን ሳልበላ ቁልፍ አላወጣም» አሉ።

«እና ይብሉ!»

«ሳይደወል? ሥርዓት አለ እኮ፣ ወይዘሮ ዘነቡ።»

ጋሽ ወንድይፍራው ካልበሉ ቁልፉ አይወጣም፤ ቁልፉ ካልወጣ ሙከራው አይሠራም፤ ሙከራው ካልተሠራ ፈታሹ አያሳልፍም፤ ፈታሹ ካላሳለፈ ስክሪፕቱ አያዝም፤ ስክሪፕቱ ካላዘዘ ደወሉ አይደውልም፤ ደወሉ ካልደወለ ወጡ ይቀዘቅዛል፤ ጋሽ ወንድይፍራውም አይበሉም።

እትዬ ዘነቡ ትንሽ አሰቡ። ከንብረት ክፍሉ ጀርባ የድሮው ደወላችን፣ የመኪና ቸርኬ፣ ተንጠልጥሏል። ድምፁ እስከ መማሪያ ክፍሎቹ አይደርስም። ድንጋይ አንስተው ሦስት ጊዜ መቱት።

«ተደወለ» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ።

ጋሽ ወንድይፍራው በሉ፤ ቁልፉ ወጣ፤ ሙከራው ተሠራ። ሙከራውም «ይህ ደወል የሚደውለው ጎህ ሲቀድ ነው» አለ። ለካ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። ፌቨን ፊቷ ቀላ። ስድስትን አጥፍታ አሥራ ሁለት ጻፈች። ሙከራው አለፈ፤ ፈታሹ አሳለፈ፤ ስክሪፕቱ አዘዘ።

«ደንቡን ያወጣሽው አንቺ ነሽ አልሽኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ደግ አደረግሽ።»

በማግስቱ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ደወሉ ደወለ። ልጆቹ ሮጠው መጡ። ወጡ አፍ ያቃጥል ነበር።