ጡሩንባ ያልተነፋላት ሴት

አንድ ሰው ነበረ፤ ድንጋይ ፈላጭ። ቆዪ ልጄ፣ ጥያቄሽን ረስቼው አይደለም። ትናንት በቴሌቪዥን ያየሽው ዘጋቢ ፊልም በሩቅ አገር ፖስታ ቤት ገብቶ ሰዎች ስላገተ አንድ ጎረምሳ ነበር። ፊልሙ አስተዳደጉን፣ የጣሉትን ዘመዶቹን፣ ከደጃፋቸው ያባረሩትን ባለሥልጣኖች ሲያሳይሽ አለቀስሽ። ኋላ ደግሞ እነዚያ መሬት ላይ ተደፍተው ሲንቀጠቀጡ የዋሉት ሰዎች ትዝ አሉሽና በእንባሽ አፈርሽ። «ላጋቹ ማዘኔ ታጋቾቹን መካድ አይሆንብኝም ወይ?» አልሽኝ። መልሴ የድንጋይ ፈላጩ ነገር ነው። በየመሀሉ ማቋረጥ እንደምትወጂ አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን እስክጨርስ ታገሺኝ።

ይህ ሰው ከሚስቱ ጋር ከገጠር ወደ አንዲት ከተማ መጥቶ ከአንድ ግቢ ጓሮ ጠባብ ክፍል ተከራየ። እሱ ለሰው ቤት መሠረት የሚሆን ድንጋይ ይፈልጣል፤ እሷ የሰው ልብስ ታጥባለች። ልጅ አልነበራቸውም፤ በአቅራቢያቸው ዘመድም አልነበራቸውም። ስለዚህ ሰውየውን እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ነገር ነበር፤ ብንሞት ማን ይቀብረናል የሚለው። ወደ ሰፈሩ ዕድር ሰብሳቢ እየተመላለሰ ደጅ ጠና። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በይልኝ። «ወንድሜ፣ አንተ ተከራይ ነህ። ተከራይ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ሌላ ሰፈር ነው። ደንባችን ቤት ላለው ሰው ነው» እያለ በትሕትና ይሸኘዋል።

አንድ ክረምት ሚስትየው ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ሰውየው ወደ ሰብሳቢው ሮጠ። ሰብሳቢው ከልቡ አዘነ፤ ሆኖም የዕድሩን ድንኳን አባል ላልሆነ ሰው አውጥቶ አያውቅም። ጡሩንባ ነፊውም ያለ ሰብሳቢው ቃል አይነፋም። ጡሩንባ ካልተነፋ ደግሞ በዚያ ሰፈር ሰው እንደሞተ አይቆጠርም። ጎረቤቶቹ ወሬውን ሰምተዋል፤ ግን እያንዳንዱ ሌላው የሚሄድ መሰለውና ቤቱ ቀረ። ሰውየው አስከሬኗን በጋሪ ጭኖ ከባለጋሪው ጋር ብቻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳት። በገበያው መሀል ሲያልፉ ሰዎች ጋሪው ዕቃ የጫነ መሰላቸውና «ቶሎ በሉ እንጂ፣ መንገድ ዘጋችሁብን!» ብለው ጮኹባቸው። ይህን ስናገር ያመኛል፤ ምሳሌ መሆኑን እያወቅሁም ያመኛል።

የዕድሩ አባላት በሚቀጥለው እሑድ አዳራሻቸው ውስጥ ተሰብስበው ሳለ፣ ሰውየው የድንጋይ መዶሻውን ይዞ ገባ። በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። መዶሻውን ሰብሳቢው ራስ ላይ አንሥቶ፣ «ከዚህ ማንም አይወጣም። ጡሩንባ ይነፋላት፤ ድንኳን ይተከልላት፤ ቁጭ ብላችሁ አልቅሱላት። አለዚያ ከእሱ እጀምራለሁ» አለ።

አንድ ሽማግሌ በድንጋጤ ወደቁ፤ ሴቶቹ ጮኹ። ፖሊስ መጣ። ከፖሊሱ ኋላ ሰፈሩ በሙሉ መጣ፤ ገበያተኛው ሳይቀር ዕቃውን ጥሎ መጣ። ዛፍ ላይ የወጣ ነበር፣ በስልኩ የሚቀርጽም ነበር። ለቀብሯ አንድ ሰው ያልወጣበት ሰፈር ለመዶሻው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ፖሊሶቹ ሰዉን ወደ ኋላ መመለስ አቃታቸው።

ውስጥ ያሉት ሰውየውን ያባብሉት ጀመር። ሰብሳቢው «ዛሬውኑ እንመዘግብሃለን» አለው። «አሁን ምን ሊያደርግልኝ?» አለና መዶሻውን ይበልጥ ከፍ አደረገ። አንዳንዶቹ ከፍርሃት ብዛት «ወየው እኅቴ! ወየው እኅቴን!» እያሉ ለማልቀስ ሞከሩ። ይኼኔ ባሰበት። «አትቀልዱብኝ! ለመሆኑ ስሟን የሚያውቅ አለ?» ብሎ አንባረቀ። የሚያውቅ አልነበረም።

ከመሀላቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሟቿ ልብሳቸውን ስታጥብላቸው ኖራለች፤ እሳቸው ግን «አጣቢዋ» ከማለት በቀር በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። እኚህ ሴት ተነሡ። ነጠላቸውን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቀው ለበሱና ከሰውየው እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አላውቃትም» አሉት። «ቤቴ ስትገባ ስትወጣ ኖራ አላውቃትም። የማላውቀውን ሰው ማልቀስ ደግሞ አይሆንልኝም። እስቲ ማን ነበረች? ንገረኝ።»

ሰውየው «አንጓች» አለ። «ስሟ አንጓች ነው።» ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለም። መብረቅ ትፈራ እንደነበር፣ የድንጋይ ብናኝ ዓይኑ ሲገባ በቀሚሷ ጫፍ ታወጣለት እንደነበር ተናገረ። እንግዳ ቢመጣ ብላ አንዲት በርጩማ አስገዝታው ነበር፤ ማንም ሳይቀመጥባት በየሳምንቱ ትወለውላታለች። መዶሻው መቼ ከእጁ እንደወረደ ማንም ልብ አላለም። ባልቴቷ «ወይኔ አንጓች! ወይኔ ልጄ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። አሁን የተለቀሰው የፍርሃት ለቅሶ አልነበረም። ሰብሳቢውም ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

በሩን የከፈተው ራሱ ሰውየው ነው። ውጭ የቆመው ሕዝብ ግን ታጋቾቹ እንባቸው እየወረደ ሲወጡ ሲያይ ሰውየው ሰው የገደለ መሰለውና ድንጋይ እያነሣ ተመመ። ፖሊሶቹ ሊያስጥሉት አልቻሉም። ባልቴቷ ሰውየውን አቅፈው በጀርባቸው ከለሉትና «ተዉ! ኀዘንተኛ ነው! ኀዘንተኛ ይመታል ወይ?» ብለው ጮኹ። ሕዝቡ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ። ድንጋዩ አንድ በአንድ ከየእጁ ወደቀ፤ ሰውየውም በሕይወት ተይዞ ሄደ።

ፍርድ ቤት ባልቴቷ መሰከሩበት። አዎ መሰከሩበት፤ አትገረሚ። በሩን መቀርቀሩን፣ መዶሻውን ማንሣቱን፣ ሽማግሌው መውደቃቸውን አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ሲጨርሱ ግን እንባቸው መጣ። «እናቴ፣ ይህን ሰው ይፈሩታል?» ብሎ ዳኛው ጠየቃቸው።

«እንዴት አልፈራው? እስከ ዛሬ በር ሲዘጋ እባንናለሁ።»

«ታዲያ ለምን ያለቅሱለታል?»

«የፈራሁት እሱን ነው፣ ጌታዬ። ያፈርኩት ግን በራሴ ነው» አሉ።

ሰውየው ተፈርዶበት ወኅኒ ወረደ። ስንቅ የሚያመላልሱለት እኚሁ ባልቴት ነበሩ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ፊልም ላንቺ ያደረገው ድንጋይ ፈላጩ ለባልቴቷ ያደረገውን ነው፤ የማታውቂውን ሰው ማን እንደነበረ ነገረሽ። ብታለቅሺ ታጋቾቹን አልካድሽም፤ ባልቴቷ ራሳቸው ታጋች ነበሩ። ያጠፋውን አጥፍቷል በይ፤ ቅንጣት አትሸፍኚለት። እንባሽን ግን ተይው ይውረድ፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የሚያሳፍረው ለሩቅ አገር ሰው አልቅሶ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ መተኛት ነው። አሁን ተራው የኔ ነውና ልጠይቅሽ። ጠዋት ማታ የግቢያችሁን በር የሚከፍትልሽ ዘበኛ አለ አይደል? ስሙ ማን ነው?