የሊቀ መኳሱ ካባ

ለሹመት ደጅ የሚጠና ሰው ሲያዩ፣ የድሮ ሰዎች አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። አባባሏ ከሜዳ አልተገኘችም፤ ጓንጉል የሚባል ችኩል ሰው ዋጋ ከፍሎባታል።

ጓንጉል ከሩቅ አገር መጥቶ በአንድ ንጉሥ ግቢ ደጅ ሲጠና፣ ዓይኑ ያረፈው በሊቀ መኳሱ ላይ ነበር። በግብር ቀን ሊቀ መኳሱ ከንጉሡ ጎን ይቆማል፤ ካባው ከንጉሡ ካባ አይለይም፤ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣዋል። ጓንጉል ይህን እያየ እንቅልፍ አጣ።

ከአንድ ዘመቻ በኋላ ሊቀ መኳሱ ሞተ ተባለ። መኳንንቱ ለቅሶ ሊደርሱ ወደ ሟቹ ቤት ሲጎርፉ፣ ጓንጉል ግን «ሌላ ሳይቀድመኝ» ብሎ ጭር ወዳለው ግቢ ገባና ከንጉሡ እግር ላይ ወደቀ። ንጉሡ ትክ ብለው አዩት።

«ሥራውን ታውቀዋለህ?»

«አሳምሬ ነዋ፣ ጃንሆይ!» አለ፣ የማያውቀውን። ሾሙት።

መስከረም ሲጠባ ጠላት ተነሣ። በውጊያው ጧት የንጉሡ አዛውንት ጋሻ ጃግሬ፣ ባሻ ወርዶፋ፣ ለጓንጉል የንጉሡን ካባ ደረቡለት፤ በንጉሡ ፈረስ ላይ አወጡት፤ ቀዩን ጃንጥላም አስዘረጉለት። ጓንጉል በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ጌታዬ ይዩኝ ብሎ ዞር ሲል ግን ንጉሡ የሉም። የት እንዳሉ ጠየቀ።

«ከእግረኛው መሀል ናቸው፣ እንደ ተራ ወታደር ለብሰው» አሉት ባሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጠላት ንጉሡ ነው ብሎ የሚተኩሰው አንተን ነው። ሊቀ መኳስ ማለት ይኸው ነው፣ ልጄ።»

ጓንጉል ፈራ። ሹመቱን ልመልስ አለ፤ ግን ለማን? ሿሚው ከሺህ ሰው መካከል ተሰውረዋል። ካባውን ጥሎ ቢሸሽ ደግሞ «ንጉሡ ሸሹ» ተብሎ ሠራዊቱ ይፈታል፤ እሱንም የገዛ ወገኑ አይምረውም። ከማዶ ያሉት ባለ ጠመንጃዎች ወደ ጃንጥላው እየጠቆሙ ነው። ነጋሪት ተመታ።

«ምነው ባሻ፣ ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?» አለ።

ባሻ ልጓሙን ይዘው ፈረሱን ወደ ፊት መሩት።

«ለቅሶ ብትደርስ ኖሮ፣ ወይዘሮ የሻረግ ባሏ በማን ፋንታ እንደ ሞተ በሙሾ ስታወርድ ትሰማ ነበር። ሹመት ያማረው፣ አስቀድሞ የሟቹን ሚስት ይጠይቅ።»