የጋሽ ዝሆን መንገድና ኮንትራት ጫኟ አህዪት

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ የቆላው አራዊት ሁሉ ከአንድ ኩሬ ይጠጣ ነበር። ወደ ኩሬው የሚያደርሱት ሁለት መንገዶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። በሰፊው ማንም እንዳሻው ስለሚሄድ ገና ከማለዳው ይጨናነቃል፤ መገፋፋቱና መሰዳደቡ ሌላ ነው። ግራና ቀኙ እሾህ የሆነው ጠባቡ ግን የጋሽ ዝሆን ነበር። ጋሽ ዝሆን እግር የከዳቸውን አሮጌዎችና ሕፃናቱን «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ በሰፊው ጀርባው ይጭናል፤ ሳይቆም ኩሬው ያደርሳቸውና ሌሎቹን ሊያመጣ ይመለሳል።

ጥድፊያው ለምን መሰላችሁ? ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የጎሽ መንጋ ከተራራው ወርዶ ኩሬው ውስጥ ይንከባለላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጭቃ ነው። ከጎሾቹ የቀደመ ይጠጣል፤ የዘገየ ከንፈሩን እየላሰ ነገን ይጠብቃል።

እትዬ አህዪት በሰፊው መንገድ ላይ ኮንትራት ትጭን ነበር። ኮንትራት ማለት አንድ ተሳፋሪን ለብቻው፣ ካለበት አንስቶ የፈለገው ቦታ ማድረስ ነው፤ ለዚህም ሣር ይሰጧታል። ውርንጭላዋ እግሯ ስለተሰበረ እናቷ ሣር ፍለጋ ስትሮጥ እሷን ኩሬ የሚያመላልሳት ጋሽ ዝሆን ነበር።

አህዪት መቆም አይሆንላትም። አንድ ጠዋት ከፊቷ የሳላ ጭራ፣ ከኋላዋ የከርከሮ ጥርስ ይዟት፣ መሬቱን በሰኮናዋ ትቆፍራለች፤ ጆሮዋ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይላል። ጀርባዋ ላይ የተሳፈረው ቀበሮ ነበር።

«እትዬ አህዪት፣ ያን ባዶ መንገድ እያየሽ እዚህ ትቃጠያለሽ?» አላት።

«ባዶ አይደለም፤ የጋሽ ዝሆን ነው።»

«የታለ ታዲያ?»

«አልፏል። ይመለሳል።»

«እስኪመለስ ማን ይሂድበት? ድንጋዩ?»

አህዪት አንገቷን አዙራ ጠባቡን መንገድ አየች። መልሱማ ነበር። ሞልቶ የሚታየው መንገድ የቆመ መንገድ ነው፤ ጠባቡ ባዶ የሚመስለው ዝሆኑ ሳይቆም ስለሚያልፍበት ነው። ግን እግሩን የበላው ሰው ይህን የሚያስብበት ጊዜ ከየት ያመጣል? አህዪትም እንደዚያ ሆነችና፣ ከቀበሮ ጋር አንበሳ ዘንድ ሄደች፤ ወሬውን የሰሙት አራዊትና ጋሽ ዝሆንም ተከትለው መጡ።

«ጌታዬ፣ የአባቶቻችን ቃል ስለ ጠባቡ መንገድ ምን ይላል?» አለ ቀበሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«‹ብዙ የሚያመላልስ በጠባቡ ይሂድ› ይላል» አለ አንበሳ እያዛጋ።

«እትዬ አህዪት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስንቴ ትመላለሻለሽ?»

«ኧረ ብዙ።»

«ይኸው ጌታዬ። ብዙ ታመላልሳለች።»

ጋሽ ዝሆን ጉሮሮውን ጠረገ። «ቃሉ እኮ ስለ ምልልሱ አይደለም፤ ስለ ተሳፋሪው ነው። ብዙ ተሳፋሪ ለሚያመላልስ ማለት ነው።»

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ ቀበሮ፣ «የአባቶችን ቃል የሚፈታው ዝሆን ሆነ እንዴ? እርስዎ መስለውኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ እንጂ» አለ አንበሳ ጎፈሩን ነፍቶ። «በቃ፣ ኮንትራት የጫነ ሁሉ ይግባ።»

«እኔም ሌሊቱን ሙሉ ስመላለስ ነው የማድረው» አለ አያ ጅቦ ከኋላ።

ሁሉም ሳቀ። አንበሳ ግን ምሳው ደርሶ ስለነበር፣ «አንተም ግባ» ብሎ ተነሣ።

በማግስቱ ለአህዪት መንገዱ ማር ሆነላት። ነፋሱ ጆሮዋን እየገረፈው ሄደች፤ መጣች። ወሬው ግን ከእሷ የፈጠነ ነበር። ዝንጀሮ ጦጣን አዘለ፤ ከርከሮ ቆቅን ጫነ፤ ሳላም ጥንቸልን። ጀርባ ያለው ሁሉ ኮንትራት ጫኝ ሆነ። ሰፊው መንገድ እንኳ አልቀለለም፤ ከእሱ አንዱ በወጣ ቁጥር ሌላ ይገባበታል።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ልትደርስ ስትል፣ ጠባቡ መንገድ ጸጥ ብሎ ቆመ። አህዪት ቀበሮን እንደጫነች ከጋሽ ዝሆን ጭራ ሥር ነበረች። ሰኮናዋ መቆፈር ጀመረ።

«እማዬ» የሚል ድምፅ ከላይ ሰማች። ውርንጭላዋ ከዝሆኑ ጀርባ ቁልቁል ታያታለች፤ ምላሷ ደርቆ ወጥቷል። «ዛሬ አንደርስም እንዴ?»

አህዪት አንገቷን አስግጋ ወደ ፊት አየች። ከዝሆኑ ፊት ኮንትራት ጫኞች ተደርድረዋል፤ ከሁሉ ፊት አያ ጅቦ መንገዱን አግድም ዘግቶ ተጋድሟል።

«አያ ጅቦ፣ ተነሥ እንጂ» አለው ጋሽ ዝሆን። ፊቱ ያሉትን ሳይረግጥ መራመድ አልቻለም።

«ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ነው።»

«መንገድ ዘግተህ?»

«ጥግ ብይዝ ማን ያየኛል?»

እውነቱን ለመናገር አያ ጅቦ ተሳፋሪ አግኝቶ አያውቅም። በጅብ ጀርባ ተሳፍሮ የሄደበት የሚደርስ ማን ነው?

«ያቺ ውርንጭላ ከቸኮለች» አለ ምራቁን እየዋጠ፣ «በነፃ እወስዳታለሁ።»

ከተራራው ላይ አቧራ ተነሣ። ጎሾቹ መውረድ ጀምረዋል።

«ምን ትቆሚያለሽ?» አለ ቀበሮ አህዪትን በተረከዙ እየነካ። «ግፊያቸው እንጂ። ኮንትራት ነው የያዝኩሽ።»

«ወራጅ አለ» አለች አህዪት።

«ማነው ወራጁ?» አለ ቀበሮ ወደ ኋላ እየዞረ።

«አንተ።»

አንዴ ጀርባዋን ነቀነቀችና ቀበሮ እሾህ ውስጥ ተገኘ። እሷም እሾሁን እየጣሰች በመንገዱ ጥግ ወደ ፊት ሄደች፤ ጎኗ ተቧጨረ፣ ደማች። ጅቡ ፊት ደረሰች። እናቷም የእናቷም እናት ከጅብ ሸሽተው ነው ያደጉት። ፊቷን አዙራ ጀርባዋን ሰጠችው።

«እሰይ፣ እራሷ መጣችልኝ» አለ አያ ጅቦ። ሊነክስ አፉን ሲከፍት ሁለቱ የኋላ ሰኮናዎች ጥርሱ ላይ አረፉ። እያላዘነ ወደ ጫካው ገባ።

«ኮንትራት የጫናችሁ፣ ወደ ሰፊው ውጡ» አለች አህዪት ትንፋሽ እያጠራት። «ያስገባኋችሁ እኔ ነኝ፤ የማስወጣችሁም እኔው ነኝ።»

ጅብ የመታች አህያ ሲያዩ ማን ይከራከራል? እያጉረመረሙ ወጡ። ጋሽ ዝሆን መሬቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ኩሬው ሲደርስ ግን ጎሾቹ ቀድመው ገብተው ነበር። ውርንጭላዋ ያን ቀን ከዳር ጭቃ ላሰች።

አህዪት ደሟ ሳይደርቅ አንበሳ ፊት ቆመች። «ጌታዬ፣ የአባቶች ቃል ላይ ትንሽ ይጨመርልኝ።»

«ምን ሊጨመር?»

«‹ብዙ የሚያመላልስ› የሚለው ‹ብዙዎችን የሚያመላልስ› ይባል።»

አንበሳ ቃሉን በአፉ ውስጥ አመላለሰው። «ለዚህች ለ‹ዎችን› ነው ይህ ሁሉ አቧራ?»

«ለእሷ ነው ጌታዬ። ልጄ ያለችው እዚያች ውስጥ ነው።»

አንበሳ የደማ ጎኗን አየ፤ ከዚያ፣ «ይባል» አለ።

በማግስቱ አህዪት ወደ ሰፊው መንገድ ተመለሰች። ከፊቷ የሳላ ጭራ፣ ከኋላዋ የከርከሮ ጥርስ። ሰኮናዋ ዛሬም መሬቱን ይቆፍራል። በጠባቡ መንገድ ጋሽ ዝሆን ሲያልፍ፣ ከጀርባው ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ብቅ ብለው ታዩ።

«እትዬ አህዪት፣ ቆምን እኮ» አለች ጀርባዋ ላይ ያለችው ቆቅ።

«አዎ ቆምን» አለች አህዪት ጆሮዎቹ እስኪጠፉ እያየች። «እኛ እዚህ ቆመን ልጄ እዚያ ትጠጣለች።»

ከዚህ የምንማረው፣ መንገድ ባዶ መስሎ የሚታየን ብዙዎችን ሳያቆም ስለሚያደርስ ሊሆን ይችላልና፣ ለእኔም ይከፈትልኝ ከማለታችን በፊት በዚያ መንገድ ማን ተሳፍሮ እንደሚሄድ ቀና ብለን ማየት እንዳለብን ነው።