ሳይነበብ የተሰረዘው መስመር

አንድ ሰው ነበረ፤ ከባዶ ተነሥቶ ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ያቆመ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻውን ነበር፤ በሰባተኛው ዓመት ዐሥራ አንድ ሠራተኞች ነበሩት። ሁሉም ጋሼ ይሉታል። ልጄ፣ ጥፋቴን አግኝቼ ካረምኩት ለምን በሰው ፊት አወጣዋለሁ ብለህ ጠይቀኸኛል፤ መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስማ።

የዚህ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ለአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የማዳበሪያ ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ የሚሠራው ክላውድ በሚባሉት፣ ሩቅ አገር ባሉ የኪራይ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ኮዱ ደግሞ የሚቀመጠው በሌላ ማከማቻ ነው። በሁለቱ መካከል ግንኙነት ይከፈታል። ነገሩ እንደ መስኖ ቦይ ነው፤ ከላይ ማከማቻው ላይ የለቀቅኸው ከታች ይደርሳል።

በሰባተኛው ዓመት ግንቦት፣ ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ሰሞን፣ የፕሮግራሙ አሮጌ ቅጂ በአዲሱ ላይ ተጭኖ ተገኘ። የአራት ቀበሌ ተራ ተዘበራረቀ። አህያ እየነዱ የመጡ ሰዎች ተራችሁ አልፏል ተብለው ባዶ ጆንያ ይዘው ተመለሱ። ተስተካከለ፤ በስድስተኛው ቀን ተደገመ። የዩኒየኑ ኃላፊ ደወለና አጥፊው ማን እንደሆነ ይነገረኝ አለ።

ማከማቻውን የምትጠብቀው ዘርትሁን የምትባል ሠራተኛ ነበረች። አምስት ዓመት አብራው ሠርታለች። ሰውየው ዐሥራ አንዱንም ሰበሰበና፣ ሁሉም እያየ፣ ክፍት ግንኙነቶችን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ ላይ ጻፈ። ሦስት መስመር ወጣ። ሦስቱንም የከፈተችው ዘርትሁን መሆኗን የማያውቅ አልነበረም።

«ዝርዝሩ ተናግሯል፤ እኔ ምን እጨምራለሁ?» አላት።

ግን ክላውዱ በቀጠና የተከፋፈለ ነው፤ ትእዛዙም የሚመልስልህ የጠየቅኸውን ቀጠና ብቻ ነው። ዘርትሁን ይህን ታውቃለች፤ የእሷ ፈቃድ ግን ከአንዱ ቀጠና አያልፍም። «ጋሼ፣ የጠየቁት አንዱን ብቻ ነው። ሌሎቹንም ይጠይቁ» አለችው። ሰውየው ሳቀ። ከዚህ ቀጠና ውጭ ሠርተን አናውቅ፣ የሰው ግቢ ልፈትሽልሽ እንዴ አላት። ጋሼ ሲስቅ ሠራተኞቹም ሳቁ። እሷ በዚያው ቀን ተባርራ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ወጣች።

ከሄደች በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ተራው ለሦስተኛ ጊዜ ተዘበራረቀ። ዘርትሁን የለችም፤ የይለፍ ቃሉም ሁሉ ተቀይሯል። ሰውየው የቢሮውን በር ዘጋና የቀጠናውን ስም እየቀያየረ ያንኑ ትእዛዝ ይጽፍ ጀመር። የመጀመሪያው ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ። በሰባተኛው ላይ አንድ መስመር ወጣ፤ የግንኙነቱ ስም «ለጊዜው» ይላል።

ስሙን ያወጣው ራሱ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት፣ ብቻውን ሳለ፣ ለሙከራ። ግንኙነቱ የሚነሣው ከአሮጌ የግል ማከማቻው ነው። ማከማቻውን ለዓመታት ረስቶት ኖሮ፣ በዚያ ግንቦት ማስታወሻ ሊያስቀምጥበት ተመልሶ ነበር። አንድ ነገር ባስቀመጠ ቁጥር እዚያው ያለው አሮጌ ቅጂ ወደ ዩኒየኑ ይወርዳል። ቀኖቹን ቆጠረ። ተራው የተዘበራረቀባቸው ሦስቱም ቀኖች እሱ ማስታወሻ ያስቀመጠባቸው ነበሩ።

ማንም ሳያየው የመሰረዣውን ትእዛዝ ጻፈ፤ መስመሩ ጠፋ። ዝርዝሩን እንደገና ጠየቀ፤ ባዶ።

ተራው ተስተካከለ። ሠራተኞቹ ጋሼ ፈታው ተባባሉ። አንዱ፣ እሷ ትታው የሄደችው መዘዝ ነበር እንዴ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው አልመለሰም፤ ዝምታው እንደ አዎንታ ተቆጠረ። አራት ቀን ምሳውን ለብቻው በላ።

በአምስተኛው ቀን ወደ ዘርትሁን ቤት ሄደ። ግባ ስላልተባለ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ በሰባተኛው ቀጠና ያገኘውን ነገራት። እሷም ሁለት ቦታ ሥራ ጠይቃ፣ ሁለቱም ቦታ ያቺ የዩኒየኑን ተራ ያበላሸችው ነሽ ወይ እንደተባለች ነገረችው።

«ጋሼ፣ ያባረሩኝ ዝርዝር አሳይተው ነው። አሁንም ዝርዝሩን ያሳዩልኝ።»

«መስመሩን ሰርዤዋለሁ።»

«ታዲያ ዛሬ ቢጠየቅ ስንት መስመር ይወጣል?»

«ሦስት።»

«የማን የማን?»

«ሦስቱም ያንቺ።»

በማግስቱ ለዩኒየኑ ኃላፊ ደወለ፤ ቀጥሎም በዐሥሩ ሠራተኞች ፊት ቆሞ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ተናገረ። የሚያሳያቸው ነገር ግን አልነበረውም። አራቱ አመኑት። ስድስቱ፣ አሳዝናው ስሟን ሊያጠራላት ነው ጥፋቱን የወሰደው ብለው አሰቡ። ሲወጡ አንዱ ለሌላው «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው» ሲል ሰማው። በሕይወቱ ብዙ ተሰድቧል፤ እንደዚያች ቃል የከበደው ስድብ ግን የለም።

እንግዲህ ልጄ፣ የጥያቄህ መልስ ይኸውልህ። ጥፋትህ በአንተ ላይ ብቻ የቀረ ቢሆን በዝምታ አርመው፤ ማንም አይጠይቅህም። ግን ባንተ ጥፋት ሌላ ሰው ተከሶ ሳለ የራስህን መስመር በድብቅ ካጠፋህ፣ የቀረው ዝርዝር በሙሉ ያንን ሰው ይከሳል። አረምኩ ትላለህ፤ ያጠፋኸው ግን የእሱን ምስክር ነው። ባንተም ጥፋት ሌላ ሰው ተወቅሷል፤ አንተ ግን ገና አልሰረዝክም። ስለዚህ ሂድና፣ ያ ሰው በተወቀሰበት ቦታ፣ በወቀሱት ሰዎች ፊት መስመርህን አንብበው። መሰረዙ ይደርሳል።