ያልመጣው እንግዳ

በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳዩ የውጭ ኩባንያዎች ቀረጥ ይክፈሉ፣ ገንዘቡም ለአገር ውስጥ ፊልም መሥሪያ ይዋል የሚል ሐሳብ መጣና ስብሰባ ተጠራ። ከክርክራቸው ይልቅ ከረባታቸው ጠብቆ የታሰረው የኩባንያዎቹ ጠበቃ፣ አቶ ጌዴዎን፣ ደረታቸውን ነፍተው ተነሡ።

«ደንበኞቼ እዚህ ቢሮ የላቸውም፤ አንዲት ወንበር እንኳ የላቸውም። እግራቸው ያልረገጠው አገር ምን ብሎ ቀረጥ ይጠይቃቸዋል?»

ፊልም ሠሪ ጠፍቶ ሥራ የፈታች አንዲት የተዋናዮች ልብስ ሰፊ ከኋላ ሆና ሳቀች።

ጠበቃው ቱግ አሉ። «ሳቂ አንቺ! ቀረጡ ከጸደቀ አገሩን ጥለው ይወጣሉ!»

ሰብሳቢው ክው አሉ። ምሳ ሳይበላ ሊሄድ የተነሣ እንግዳ እንደሚለምን ባለቤት እጃቸውን ዘርግተው፣ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ እንዳትሄዱብን!» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። «ጌታዬ፣ ማንን ነው የሚለምኑት? ሰዎቹ እኮ ጭራሽ አልመጡም ተብለናል። ያልመጣ እንግዳ በየት በኩል ይወጣል?»

ከዚያ ወደ ጠበቃው ዞረች።

«እርስዎ ግን መውጫቸውን ያሳዩን። ለፊልማቸው የምንከፍለው ብራችንም በየወሩ የሚወጣው በዚያው ሳይሆን አይቀርም፤ የቀረጡን ኬላ እዚያ እንዘረጋለን።»